ብስክሌት ሻጮቹ የታረቁ ጊዜ

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ነጋዴ የጎረቤቱ ሱቅ ሲዘጋ አይቶ ደስታው ፊቱ ላይ ከታወቀበት፣ የሚያውቁት ሰዎች አንዲት አባባል ወርውረውበት ያልፋሉ። ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው ይህን ቢሰማ ስለ ብስክሌት ጥገና የሚያወሩ ይመስለዋል። የከተማው ሰው ግን ይስቃል፤ ሳቁም ንጹሕ ሳቅ አይደለም፣ ምክንያቱም በነገሩ ውስጥ እጁን ያላስገባ የለም። አባባሏን የሚጠቅሷት ብዙ ናቸው፤ መነሻዋን ግን እያንዳንዱ በሚመቸው በኩል ቆርጦ ነው የሚያወራው። እኔ ሁለቱንም ነጋዴዎች፣ ሽማግሌውንም፣ ዓሣ ነጋዴዋንም ጠይቄ፣ የተስማሙበትን እንዳለ ወስጄ፣ ያልተስማሙበትን አመዛዝኜ ነው የምጽፈው።

ከሐይቁ ዳር ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ ሁለት የኤሌክትሪክ ብስክሌት ሱቆች ፊት ለፊት ተያይተው ይኖሩ ነበር። የአንደኛው ባለቤት እንየው፣ የሌላኛው ሽባባው ይባላሉ። ሁለቱም ዕቃውን በሣጥን ከውጭ ያስመጣሉ፣ ከሱቃቸው ጀርባ ይገጣጥሙታል፣ ከዚያ የየራሳቸውን ስም ይለጥፉበታል። የእንየው «ነፋስ» ይባል ነበር፤ የሽባባው «ማዕበል»። እውነቱን ለመናገር ነፋሱም ማዕበሉም ከአንድ አገር በአንድ መርከብ የመጡ ናቸው። የሚለያያቸው ባለቤቶቻቸው አለመዋደዳቸው ብቻ ነበር።

አለመዋደዳቸው ግን ለከተማው ሰው በረከት ሆነ። እንየው «የኔ ብስክሌት በአሥር ቁጥር መፍቻ ከራስ እስከ ጅራቱ ይፈታል» ብሎ ሲያስነግር፣ ሽባባው በማግስቱ መፍቻውን በነጻ ከመቀመጫው ሥር አስሮ መሸጥ ጀመረ፤ እንየውም ሳይወድ ተከተለው። ሽባባው ደግሞ መለዋወጫውን ሁሉ ደጃፉ ላይ በመደርደሪያ ሰቅሎ «ዓይንዎ እያየ ይምረጡ» ሲል፣ እንየው የራሱንም ሰቅሎ፣ በላዩ የቅዳሜ ከሰዓት ትምህርት ከፈተ። አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ባትሪ እከፍታለሁ ብሎ የማድቤቱን በር አቃጥሎ ነበርና፣ እንየው መማር የፈለገውን ሁሉ ሰብስቦ ባትሪ እንዴት ያለ አደጋ እንደሚከፈት በነጻ ያስተምር ነበር። በሞንታርቦም ይሰዳደባሉ። «የማዶው ብስክሌት ሲሞት ከነሣጥኑ ይቀበራል፤ የኛ ግን ይነሣል» ይላል የእንየው ድምፅ ማጉያ። የሽባባው ደግሞ፣ «የማዶው ሰውዬ ጥገና የሚያስተምረው ብስክሌቱ እንደሚሰበር ስለሚያውቅ ነው» ብሎ ይመልሳል። መንገደኛው በመሀል ቆሞ ይስቃል፣ ከዚያ ከአንዳቸው ይገዛል።

ከዚህ ጠብ አብልጠው ከተጠቀሙት አንዷ እንጉዳይ ነበረች። እንጉዳይ ጧት ጧት ጀልባዎች ከሚደርሱበት ዳርቻ ቀረሶና አምባዛ ዓሣ ገዝታ፣ በብስክሌቷ ኋላ በታሰረ ሣጥን ወደ አንድ ትልቅ ሆቴል የምታደርስ ሴት ናት። ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ሆቴል የጓሮ በር ነው። ባጃጅ ነጂዎች ሽታው ከወንበሩ አይለቅም እያሉ ሣጥኗን አይጭኑላትም፤ ስለዚህ ብስክሌቷ እግሯ ነበረች። «ነፋስ» ነበር የገዛችው። ፍሬኑ ሲላላ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ፣ የዓሣ ቅርፊት በተጣበቀበት እጇ፣ ራሷ ታጠብቀዋለች። የጎደላትን ከእንየው ታጣለች፣ ከሽባባው ታገኛለች፤ ለእንየው ይህን ስትነግረው ደግሞ እሱም በሦስተኛው ቀን ያስመጣል።

ነገሩ የተበላሸው ለቅሶ ቤት ነው። አንድ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ዐርፈው፣ እንየውና ሽባባው የአንድ ዕድር ሰዎች ስለነበሩ በአንድ ድንኳን ውስጥ ተቀመጡ። አንዱ ለቀስተኛ ተክዞ፣ «ባለፈው ሳምንት እንኳ በብስክሌት ሲያልፉ አይቻቸው ነበር» አለ።

«በነፋስ ነበር» አለ እንየው፣ አንገቱን ደፍቶ።

«ነፋሱንማ ሸጠውታል» አለ ሽባባው ከማዶ ወንበር። «ማዕበል ከገዙ ወር አልፏቸዋል።»

«እሱን ነው የምለው። ጤነኛ ሰው ነበሩ።»

ከዚህ በኋላ ማን መጀመሪያ እንደተነሣ አልተስማሙልኝም። የተስማሙበት ነገር ንፍሮው ከሳሕን ወጥቶ በሐዘንተኞች ላይ መዝነቡ ነው።

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ዋለልኝ ነበሩ። ጋሽ ዋለልኝ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሲሄዱ ቃል ካልተለዋወጡ «ተኳርፋችኋል እንዴ?» ብለው መሀላቸው የሚገቡ፣ ዕርቅ የሚወዱ ሰው ናቸው። ባልና ሚስት አስታርቀዋል፣ ደም አድርቀዋል፣ የድንበር ጠብ አብርደዋል። የብስክሌት ጠብ ግን ገና አልገጠማቸውም ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ሁለቱን ሰዎች በዕድሩ አዳራሽ አስቀመጧቸው።

«በሉ ተናገሩ። መሬት ነው የሚያጣላችሁ?»

«አይደለም ጋሼ» አለ እንየው።

«ሴት ናት?»

«ኧረ በሥላሴ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ገበያ ነው» አለ ሽባባው። «እኔ አንድ ነገር በጀመርኩ ቁጥር እሱ ከፍ አድርጎ ይጀምራል። እንቅልፍ አጣሁ።»

«እኔስ?» አለ እንየው። «መፍቻ በነጻ ስጥ ብሎ ያስገደደኝ ማን ሆነና?»

ጋሽ ዋለልኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለእሳቸው ነገሩ እንደ ፀሐይ ግልጽ ነበር። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ማሳ ላይ ከተጣሉ ማሳው ይከፈላል። ስለዚህ ገበያውንም ከፈሉት፦ ብስክሌት የእንየው ብቻ ይሁን፤ ሽባባው ወደ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ይዙር፤ አንዱ በአንዱ ዕቃ እጁን እንዳያስገባ፣ እንዳይሸጥ፣ እንዳይጠግን። ሁለቱንም አስማሏቸው፤ ለመሐላውም ማሰሪያ አበጁለት። «ይህን ያፈረሰ ከዕድሩ ይውጣ። ድንኳን አይተከልለት፣ ሬሳውን የሚያነሣ አይኑር።»

ሁለቱ ሰዎች ተነሥተው ተሳሳሙ። የእንየው ዓይን እንባ አቀረረ ይላሉ፤ አምናለሁ፣ የሚያስለቅስ ቀን ነበር ለእሱ። በዚያ ጉባኤ ላይ ብስክሌት የሚገዛ ሰው ሐሳቡን አልተጠየቀም። ብስክሌት የሚገዛ ሰው ሁሉ ግን እዚያው ነበር፣ እልል ሲል። ለዕርቁ ግብዣ ዓሣውን ያመጣችው እንጉዳይ ናት፤ ከእልልታውም ረጅሙ የእሷ እንደነበር ራሷ ነግራኛለች።

ከተማው ጸጥ አለ። ሞንታርቦዎቹ ዝም አሉ፣ ለቅሶ ቤቶች ተከበሩ። ለጥቂት ጊዜ ሰው ሁሉ ጋሽ ዋለልኝን እያመሰገነ ሰነበተ።

መጀመሪያ የጠፋችው ከመቀመጫ ሥር የነበረችው መፍቻ ናት። ቀጥሎ የቅዳሜው ትምህርት «ለጊዜው» ተቋረጠ። ከዚያ መለዋወጫው ከመደርደሪያ ወደ ጓዳ ገባ፤ ከጓዳ ደግሞ «የለም» ወደሚባል ቦታ ሄደ። ከአንድ ዓመት በኋላ እንየው «አዲሱ ነፋስ» የሚለውን አመጣ። አንድ ቡሎን የማይታይበት፣ እንደ እንቁላል የለሰለሰ ብስክሌት ነው። ባትሪው ከነሽፋኑ በሙጫ ተለስኗል። ከሥሩ ተደብቀው ያሉት ቡሎኖች ደግሞ አናታቸው አምስት ጥርስ ያለው ኮከብ ይመስላል፤ በከተማው ያለ መፍቻ ሁሉ አይገባባቸውም። የምትገባባቸው ከጣት አንጓ የማትበልጥ አንዲት የመፍቻ አፍንጫ ብቻ ነበረች፤ እሷም የእንየው ናት።

ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠይቄዋለሁ። «ሰው ባትሪ ከፍቶ ቢቃጠልስ? ተጠያቂው ማን ነው?» አለኝ። ምክንያቱ ውሸት አይደለም፤ የማድቤት በር የተቃጠለበት ሰው እውነተኛ ሰው ነው። ነገር ግን በሩ የተቃጠለው ሽባባው ማዶ ብስክሌት ይሸጥ በነበረ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ የእንየው መድኃኒት ትምህርት ነበር። የማዶው ብስክሌት ሲቀር መድኃኒቱ ሙጫ ሆነ።

አሮጌዎቹ ነፋሶች መንገድ ላይ እስካሉ ድረስ ግን ሰው የድሮውን እያሰበ ያጉረመርማል። ስለዚህ እንየው አሮጌውን ተቀብሎ አዲሱን በመጠነኛ ጭማሪ መለወጥ ጀመረ። እንጉዳይንም ሱቁ ደጃፍ ላይ አስቆማት።

«ይቺ አሮጊት አታሳፍርሽም? ቡሎኗ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ይቆጠራል።»

«ቡሎኑ ምን አደረገኝ? ሲላላ አጠብቀዋለሁ።»

«ችግሩ እሱ ነው። አዲሱ አይላላም።»

«ቢላላስ?»

«እኔ አለሁልሽ።»

«አንተ ብትታመምስ?»

«አቺ ሴትዮ፣ አፍሽን በመልካም ክፈቺው» አለና የአዲሱን ብስክሌት ጎን በእጁ መታ መታ አደረገው። «ከዚህ በኋላ እጅሽ ቅባት አይነካም። የሆቴል ሰው ነሽ እኮ፣ ለክብርሽ አስቢ።»

እንጉዳይ ስለ ክብሯ አሰበች። አሮጌዋን አስረክባ አዲሱን ነዳች። እንየው የተቀበለውን አሮጌ ሁሉ ፈታትቶ ለብረት ገዢዎች ይሸጠው ነበርና፣ ያች ብስክሌት ከዚያ ወዲያ አልታየችም።

በዐቢይ ጾም መሀል ነው የሆነው። ዓሣ ጾም ያፈርሳል አያፈርስም የሚለውን ለሊቃውንት ልተወውና፣ በጾም ወራት የባሕር ዳር ሆቴሎች ከዓሣ በቀር የሚያስቡት እንደሌለ የታወቀ ነው። አንድ ጧት እንጉዳይ ሣጥኗን ሞልታ ግማሽ መንገድ ላይ ስትደርስ ብስክሌቱ ድምፅ ሳያሰማ ቆመ። ፔዳሉን ብትመታውም ያለ ሞተር ያን ጭነት አይጎትትም፣ ቁልፉን ብታዞረውም አይበራም፤ የሚፈታ ነገር ብትፈልግ ደግሞ እንቁላል ነው። እየገፋች ሆቴሉ ደረሰች። እስክትደርስ ፀሐይ ወጥታ ዓሣው ለስልሶ ነበር።

የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ትሑት ወጣት ነው። ትሕትናው ግን ለዓሣው አልጠቀመውም። «እትዬ እንጉዳይ፣ ያለ ምሳ የሚቀሩ እንግዶች አሉኝ» አላት። «ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ይዞ የመጣ ሰው አለ። ነገ ጧት ዓሣው በር ላይ ካልተገኘ ከእሱ ጋር እፈራረማለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እንጉዳይ ብስክሌቷን እየገፋች ቀጥታ ወደ እንየው ሄደች። በእንየው ጓሮ የተበላሹ አዲሶቹ ነፋሶች እንደ ቀብር ለቀስተኛ ተሰልፈው ነበር።

«ወረፋ ያዢ» አለ እንየው። «ከፋሲካ በፊት ይደርስሻል።»

«ነገ ጧት ነው የምፈልገው።»

«እነዚህ ሁሉ ነገ ጧት የሚፈልጉ ናቸው።»

«እንግዲያው መፍቻዋን አውሰኝ። ራሴ ከፍቼ እመልሳታለሁ።»

«አንዲት ናት፣ እህቴ። እሷን ካዋስኩ እኔ ምን ቀረኝ?»

ይህን ያለው በተንኮል አይደለም። ልቡ ውስጥ ያለውን ነው የተናገረው፤ እንጉዳይም ከዚያ ወዲያ ያን ሰው እንደገና እንዳትለምነው ያደረጋት ይኸው ቅንነቱ ነበር።

መንገዱን ተሻግራ ሽባባው ጋ ገባች። ሽባባው በፍሪጆች መሀል ተቀምጦ ነበር። ብስክሌቱን ሲያይ የቀድሞ ሚስቱን በሌላ ሰው ሠርግ ላይ እንዳየ ሰው ሆነ። ተነሣ፣ ጎኑን ዳሰሰው፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ከዚያ እጁን እንደ ተቃጠለ ሰው መለሰ።

«እከፍተው ነበር። ቡሎኑ እንኳ እምቢ ቢል ራሱን በመጋዝ እቆርጠው ነበር።»

«ታዲያ ክፈተዋ።»

«መሐላውስ? አንቺም እኮ ነበርሽ፣ እልል ስትይ። ሬሳዬን ማን ያነሣልኛል?»

«ሬሳህ ገና ነው፣ ሽባባው። ዓሣዬ ግን ነገ ነው።»

«ጋሽ ዋለልኝ መሐላውን ያንሱልኝ እንጂ፣ በእጄ ብቻ አይደለም፣ በጥርሴ እከፍተዋለሁ።»

ጋሽ ዋለልኝ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። እንጉዳይ ብስክሌቷን አጥሩ ላይ አስደግፋ ነገሯን ተናገረች። ሽማግሌው በጥሞና ሰሟትና ከመቀመጫቸው ሊነሡ ተመቻቹ።

«ገባኝ። ከእንየው ጋር ላስታርቅሽ።»

«አልተጣላሁም እኮ ጋሼ።»

«ከሽባባው ጋር ነው?»

«ከማንም አልተጣላሁም። እኔን ማስታረቅ አይደለም የሚያስፈልገኝ፤ እነሱን ማጣላት ነው።»

በዕድሜያቸው እንዲህ ያለ አቤቱታ ቀርቦላቸው አያውቅም። ተመልሰው ተቀመጡ። «ልጄ፣ ዕርቅ እንዴት ይፈርሳል? ሰው ምን ይለኛል?» አሉ። እንጉዳይ የዓሣ ሣጥኗን ክዳን ከፈተችላቸው። ጋሽ ዋለልኝ በጋቢያቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ሸፍነው ጥቂት አሰቡ። ዕርቁን ሳያፈርሱ እሷን የሚረዱበት አንድ መንገድ ታያቸው፤ እንየው መፍቻዋን ለሽባባው ለአንድ ከሰዓት ብቻ እንዲያውስ ሄደው ሊለምኑት ነው። ሽማግሌ ለምኖት እምቢ የሚል የለምና።

መሄዳቸውን የሰማ ሁሉ ተከተላቸው። የብስክሌት ወረፋ የያዘው ሰው ጥቂት ስላልነበር፣ እንየው ደጃፍ ሲደርሱ ጉባኤ ሆነው ነበር። በሪሁን የሚባለው በያጅም ሥራውን ትቶ መጣ። ሽባባው ግን ከራሱ ደጃፍ አልፎ አልመጣም፤ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቆሞ ያያል።

እንየው ደንግጦ ወጣ። የሽማግሌውን ጉልበት ስሞ ወንበር አቀረበላቸው። ጋሽ ዋለልኝ ግን አልተቀመጡም።

«እንየው ልጄ፣ አንዲት መፍቻ አለችህ ይባላል።»

«አለችኝ ጋሼ። ደበቃት እንዳትሉኝ።» ከኪሱ አውጥቶ በሁለት ጣቶቹ መሀል ይዞ አሳያቸው። ከሰው መሀል አንዱ «ይቺ ናት እንዴ የምታንገላታን?» አለ፤ በእርግጥም ከባቄላ ብዙ የማትበልጥ ነገር ነበረች።

«ለሽባባው ለዛሬ አውሰው። ለዛሬ ብቻ መሐላውን እኔ ፈቅጄለታለሁ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ለምነውኝ እምቢ ማለት ነውር ነው። ግን ይቺ ከእጄ ከወጣች…»

«አታውሰን» አለ በሪሁን፣ ወደ ፊት ገፋ ብሎ። ከኪሱ አንድ የልብስ ሳሙና አወጣ። በያጅ ነው፤ የጠፋ ቁልፍ በሳሙና ላይ ቅርጹን አንሥቶ መንታውን መሥራት ልማዱ ነው። «እዚች ላይ አንድ ጊዜ ጫን አድርጋት፣ መልሰህ ውሰዳት። እስከ ማታ አሥር እህት እሠራላታለሁ።»

እንየው ሳሙናውን አየ። ለአንድ ዓመት ያሰበውን፣ የለሰነውን፣ የደበቀውን ሁሉ በአንድ ሳሙና ላይ አየው። ሰው ደግሞ ቀረብ ቀረብ አለ። ወደ ኋላ ቢል ግድግዳ ነው። እናም መፍቻዋን አፉ ውስጥ ከተተ።

ለምን ኪሱ እንዳልከተታት ጠይቄው ነበር። «ኪስ ይበረበራል» አለኝ።

ጋሽ ዋለልኝ ዓይናቸው ደከም ያለ ስለሆነ ይህን አላዩም። ያዩት እንየው ዝም ማለቱን ነው፤ ዝምታ ደግሞ በእሳቸው ዘንድ እሺታ ነው። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ምርቃቱን ጀመሩ።

«ተስማምተናል። እግዚአብሔር እጃችሁን ይባርክ።»

«አሜን» አለ ሕዝቡ።

«ጥላችሁን ያርቅ።»

«አሜን።»

«የእንየውን ቤት ይሙላው።»

«አሜን» አለ ሕዝቡ፣ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሎ። ጋሽ ዋለልኝ ቆም አሉ። የምርቃቱ ባለቤት ድምፅ አልተሰማቸውም።

«እንየው፣ አልሰማሁህም።»

«እምም» አለ እንየው።

«ምንድን ነው?»

«እምምም።»

«ልጄ፣ ምርቃት በአፍንጫ አይቀበሉትም። አሜን ያልተባለለት ምርቃት ወደ መራቂው ይመለሳል፤ ለአንተ የቀረው እርግማኑ ነው። አፍህን ከፍተህ አሜን በል።»

እንየው ሃይማኖቱን የሚያጠብቅ ሰው ነው። ላቡ ፊቱ ላይ ወረደ። ሰማዩን አየ፣ ሳሙናውን አየ፣ ሽማግሌውን አየ። ምላሱን ወደ ጎን አጣጥፎ መፍቻዋን በጉንጩ ለመያዝ ሞክሮ እንደነበር በኋላ አስረድቶኛል። «አሜ» አለ። «ን» አልወጣችም።

እንየው ጉሮሮውን ይዞ ጥቂት ቆየ፣ አንድ ጊዜ አሳለው፣ ከዚያ ሁሉም እየሰማው፣ በቀስታ፣ «ወረደች» አለ።

ሳቁ ወዲያው አልመጣም፤ ሰውየው እንዳይሞት ሁሉም ፈርቶ ነበር። አንድ ባጃጅ ቆመለትና ወደ ክሊኒክ ወሰዱት። ሐኪሙ ራጅ አንሥቶ፣ ትንሽ ነገር ስለሆነች በራሷ እንደምትወጣ፣ እስከዚያ ድረስ ተኝቶ መታየት እንዳለበት ተናገረ። ሳቁ የመጣው ያን ጊዜ ነው። የከተማው አዲስ ነፋስ ሁሉ የእንየውን ሆድ መጠበቅ ጀመረ። በሪሁን እንኳ ራጁን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ ቅርጿን ሊቀዳ ሞክሮ ነበር፤ መፍቻዋ ግን በጎኗ ተኝታ ስለነበር ጥርሶቿ አልታዩትም።

ባጃጁ ሲሄድ ጋሽ ዋለልኝ እዚያው ደጃፍ ላይ ቀርተው ነበር። እንጉዳይ ብስክሌቷን ይዛ ፊታቸው ቆመች፣ ብቻ። ሽማግሌው ወደ ማዶ ዞሩ፤ ሽባባው የመንገዱ ጠርዝ ላይ፣ አንድ እግሩን አስፋልት ላይ አሳርፎ፣ ይጠብቃል።

«ሕዝቤ ስሙኝ» አሉ ጋሽ ዋለልኝ። «መፍቻ በሰው ሆድ ውስጥ ሆኖ መሐላ የለም። እንየውና ሽባባው ከዛሬ ጀምሮ ተጣልተዋል። ከእንግዲህ የሚያስታርቃቸው ከዕድሩ ይውጣ።»

ሽባባው ንግግሩ እስኪያልቅ አልጠበቀም። መጋዝና መሮ ይዞ መጣ። ሙጫውን ለመላጥ ከሰዓት በኋላው ሙሉ ፈጀበት፤ ቡሎኖቹን ራስ ራሳቸውን እየቆረጠ ጣላቸው። ውስጡን ሲያየው አንዲት ሽቦ ወልቃ ተንጠልጥላ ነበር። እሷን ለመመለስ የፈጀበት እንጉዳይ «ያቺ ናት እንዴ?» ብላ እስክትጨርስ ነው። ሽፋኑን በፍሪጅ ቡሎን መልሶ አሰረው። ያ እንቁላል የመሰለ ብስክሌት ጠባሳው ብዙ የሆነ የጦር ሜዳ ፈረስ መሰለ፤ ግን ሄደ።

በማግስቱ ጧት ሥራ አስኪያጁ በሩን ሲከፍት እንጉዳይን አገኛት። የማቀዝቀዣ መኪናው ገና ከዚያኛው መንገድ ይዞር ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ወጣቱ፣ ብስክሌቱን እያየ።

«ዓሣ ነው» አለችው፣ ክዳኑን ከፍታ። ተቀብሎ አስገባው፤ ባለ መኪናውንም ይቅርታ ጠይቆ መለሰው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ባጭሩ ልናገር። ሽባባው ፍሪጆቹን ወደ ጓሮ ገፍቶ ማዕበልን መለሰ፤ ቡሎኑ ሁሉ ደጅ የወጣ፣ ባትሪው በእጅ የሚነሣ አድርጎ። እንየውም ከአልጋው ሲነሣ ብዙ ሳይቆይ አምስት ጥርሱን ትቶ ወደ ተራው ቡሎን ተመለሰ፤ ለአሮጌ ደንበኞቹ ሙጫውን በነጻ እልጣለሁ ብሎ አስነገረ። ይህን ያደረገው ደግ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ያንን ያደረገውም ክፉ ሰው ስለሆነ አልነበረም። ከሱቁ መስኮት ሲመለከት ማዶ የሚያየው ነገር ነው የተለወጠው። ይህን እሱም አልካደኝም።

አባባሏ የተነገረችው ግን ከዚህ ሁሉ በፊት፣ እንየው ገና ክሊኒክ ተኝቶ ሳለ ነው። እንጉዳይ ዓሣዋን አድርሳ ስትመለስ የቀረሶ ሾርባ ይዛ ልትጠይቀው ገባች፤ «ትለስልስልህ» አለችው፣ ሳትስቅ። ጋሽ ዋለልኝ ከራስጌው ተቀምጠው ነበር። በዚህ መሀል ለንግሥ ወደ ገጠር ሄዳ የሰነበተች አንዲት ጎረቤቱ ምንም ሳትሰማ እየሮጠች ደረሰች። እንየው ሆዱን ይዞ ተኝቶ አየችውና ደረቷን እየመታች፣ «እኔን ይድፋኝ፣ ደህና ሰው አልነበረም እንዴ? ታርቀው በሰላም አልነበር የሚኖሩት? ምን አገኘው?» ብላ ሽማግሌውን ጠየቀቻቸው።

ጋሽ ዋለልኝ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና፣ ወደ እንየው ሆድ አንድ ጊዜ አይተው፣ «ሰላሙ በዝቶበት ነው ልጄ፤ ብቻውን የሸጠ፣ መፍቻውን ዋጠ» አሏት።